ባቤጅ ማሽኑን ቢጨርሰው ኖሮስ?

ትምህርት ቤት «የኮምፒውተር አባት ማን ነው?» ተብለን «ቻርልስ ባቤጅ» ብለን ያልመለስን ጥቂት ነን። ከመልሱ ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ መልሱ ጎትቶት ከሚመጣው ተረት ጋር ነው። እንግሊዛዊው ሊቅ በ1830ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ኮምፒውተርን አሰበ፤ ስስታምና አርቆ የማያይ መንግሥት ገንዘቡን አቋረጠበት፤ ማሽኑ ሳይሠራ ቀረ፤ ዓለምም አንድ መቶ ዓመት ባከነባት ይባላል። ገንዘቡ ባይቋረጥ ኖሮ ንግሥት ቪክቶሪያ ግዛቷን በእንፋሎት በሚሽከረከር ኮምፒውተር ታስተዳድር ነበር። ዊልያም ጊብሰንና ብሩስ ስተርሊንግ በ1990 ይህን ሐሳብ ልብ ወለድ አድርገው አሳትመውታል፤ ልብ ወለድ ነውና ቅር አይለኝም። ቅር የሚለኝ ያው ልብ ወለድ የታሪክ ካባ ደርቦ ሲመጣ ነው።

ተረቱን የሚነግሩን ሰዎች ባዶ እጃቸውን አልመጡም፤ ማስረጃቸውን ሳላሳንስ ላቅርበው። ባቤጅ ከ1834 ጀምሮ የነደፈው አናሊቲካል ኢንጂን ዛሬ ኮምፒውተር ከምንለው ነገር ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። ቁጥር የሚቀመጥበት ክፍል አለው፤ ስሌቱ የሚፈጸምበት ሌላ ክፍል አለው፤ ትዕዛዙን የሚቀበለው ፈረንሳዊው ዣካር ለሽመና ማሽን ባዋለው ዓይነት የተበሳ ካርድ ነው፤ የደረሰበትን ውጤት አይቶም ቀጣዩን እርምጃ መለወጥ ይችላል። አዳ ላቭሌስ በ1843 ባሳተመችው ማብራሪያ ማሽኑ የበርኑሊ ቁጥሮችን እንዴት እንደሚያሰላ ደረጃ በደረጃ አሳይታለች፤ ከቁጥር አልፎ ሙዚቃ ሊያቀናብር እንደሚችልም ገምታለች። ከሁሉም የሚከብደው ማስረጃ ግን የመጣው ከለንደኑ የሳይንስ ሙዚየም ነው። ሙዚየሙ ባቤጅ ከ1847 እስከ 1849 የነደፈውን ሌላ ማሽን፣ በዘመኑ ሊደረስበት ከሚችለው የብረት ሥራ ጥራት ሳያልፍ ሠርቶ በ1991 አንቀሳቀሰው። ማሽኑ እስከ 31 አሃዝ የሚደርስ ቁጥር አሰላ። የዘመኑ ብረት ሠራተኛ አይችለውም ነበር ይሉ የነበሩ ሁሉ ዝም አሉ። እንግዲህ ሐሳቡ ከነበረ፣ ፕሮግራሙ ከነበረ፣ ብረቱም ከታዘዘ፣ ከገንዘብ በቀር ምን ጎደለ?

ብዙ ነገር ጎድሏል። ከዚያ በፊት ግን አንድ መደባለቅ አለ፤ እሱን እንለይ። መንግሥት ገንዘብ ያወጣበት ማሽንና ኮምፒውተር የሚመስለው ማሽን አንድ አይደሉም። ከ1823 ጀምሮ የተከፈለው ለዲፈረንስ ኢንጂን ነው። ይህ ማሽን የሚያውቀው መደመር ብቻ ነው፤ እየደጋገመ በመደመር የሎጋሪዝምና የመሳሰሉትን ሰንጠረዦች አስልቶ እንዲያትም የታሰበ ነው። ፕሮግራም የለውም፤ የሚቀያየር ትዕዛዝም አይቀበልም። የ1991ዱ ማሽን የዚሁ ወንድም ነው። አናሊቲካል ኢንጂን ግን እስከ ዛሬ ሙሉ አካሉ ተሠርቶ አያውቅም። ባቤጅ በ1871 እስኪሞት ድረስ ስዕሉን ሲያሻሽል፣ ሲሰርዝ፣ እንደገና ሲጀምር ኖረ እንጂ ይኸው ሥሩልኝ ብሎ የሚያስረክበው አንድ ያለቀለት ንድፍ አልተወም። በ1878 የብሪታንያ የሳይንስ ማኅበር ያቋቋመው ኮሚቴ ጉዳዩን መረመረ፤ የሒሳብ ሊቁ አርተር ኬይሊም ከአባላቱ አንዱ ነበር። ኮሚቴው ወጪውን መገመት እንዳልቻለና ማሽኑ ይሠራ ብሎ መምከር እንደማይችል ጻፈ። እነዚህ ሳንቲም የሚቆጥሩ የግምጃ ቤት ጸሐፊዎች አይደሉም፤ የባቤጅን ሐሳብ ከማንም በላይ የሚረዱ ሰዎች ናቸው። ታዲያ የተሠራውን ማሽን አሳይቶ ያልተሠራው «ይሠራ ነበር» ብሎ መደምደም ምን ዓይነት ማስረጃ ነው?

ስስታም የተባለው መንግሥትስ? የእንግሊዝ ግምጃ ቤት በመጀመሪያው ማሽን ላይ ያፈሰሰው ገንዘብ 17,470 ፓውንድ ነው። በ1831 የስቲቨንሰን ፋብሪካ ሠርቶ ወደ አሜሪካ የላከው ጆን ቡል የተባለ የባቡር ሎኮሞቲቭ ዋጋው 784 ፓውንድ ነበር። ባቤጅ የ22 ሎኮሞቲቭ ዋጋ ተሰጥቶታል ማለት ነው። ለዚህ ሁሉ መንግሥት ያገኘው በ1832 የተገጣጠመ አንድ ቁራጭ ነው፤ ከማሽኑ አንድ ሰባተኛ ያህል። ቁራጩ ሲሠራ ያምራል፤ ባቤጅም ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ቤቱ ለሚጋብዛቸው የለንደን ታላላቆች ያሳየው ነበር። ግን ቁራጭ ነው።

ሥራው የቆመውም መንግሥት እጁን ስለሰበሰበ አይደለም። የቆመው በ1833 ባቤጅና ማሽኑን የሚሠራለት ጆሴፍ ክሌመንት ስለተጣሉ ነው። ክሌመንት የሸማኔ ልጅ ነው፤ በራሱ ጥረት ተምሮ በለንደን አሉ ከሚባሉት የቶርኖና የቴክኒክ ስዕል ባለሙያዎች ግንባር ቀደሙ የሆነ ሰው። ባቤጅ ወርክሾፑ ወደ ራሱ ቤት አጠገብ እንዲዛወር ፈለገ። ክሌመንት ሥራውን ለሁለት ቦታ መክፈል ለሚያመጣበት ኪሳራ ካሳ ጠየቀ። አልተስማሙም፤ ክሌመንትም ለማሽኑ የመደባቸውን ሠራተኞች አሰናበተ። ለሥራው ተብለው የተሠሩት ልዩ መሣሪያዎች በሙያው ልማድ መሠረት የእሱ ነበሩና እሱው ዘንድ ቀሩ። ተረቱ እዚህ ላይ ክሌመንትን ስግብግብ አድርጎ ይስለዋል። 25,000 ያህል እንደሚሆኑ የታሰቡ የብረት ክፍሎችን በዚያ ጥራት የመቅረጽ ሥራ የተጫነበት ሰው ሒሳቡን ሲጠይቅ ስግብግብ የሚባለው፣ አሠሪው ሊቅ ስለሆነ ብቻ አይደለምን?

ቀጥሎ የመጣው ይብሳል። ባቤጅ በ1834 ለመንግሥት አዲስ ነገር ይዞ ቀረበ፤ የቀድሞውን የሚያስንቅ ሌላ ማሽን አስቤያለሁ አለ። እስቲ እንደ ባለሥልጣን ሁኑና አስቡት። የ22 ሎኮሞቲቭ ገንዘብ ከፍላችኋል፤ የተረከባችሁት ነገር የለም፤ አሁን ደግሞ ያዘዛችሁት ዕቃ ጊዜው እንዳለፈበት የሚነግራችሁ ሠሪው ራሱ ነው። ይቀጥል ወይስ ይቅር? ባቤጅ ቁርጡን የሚነግረው እንኳ ሳያገኝ ነገሩ እስከ 1842 ተጓተተ። በዚያ ዓመት መንግሥት የግሪኒች የከዋክብት መመልከቻ ኃላፊ የነበረውን የሥነ ፈለክ ሊቅ ጆርጅ ኤሪን ምክር ጠየቀ፤ ኤሪ ማሽኑ ዋጋ የለውም አለ። የባቤጅ ወዳጆች ኤሪን እስከ ዛሬ ይቅር አላሉትም። ሰውየው ግን የባቤጅ ጠላት ቢሆንም ሥራውን ያውቃል፤ በየቀኑ ቁጥር የሚያሰሉ ሠራተኞች በሥሩ ያስተዳድራል፤ ይህን እያወቀ ነው የተናገረው። ጠቅላይ ሚኒስትር ሮበርት ፒል ድጋፉ እንዲቋረጥ የወሰነው ከዚህ በኋላ ነው።

እስካሁን ያልኩት ግን የጎን ክርክር ነው። ዋናው ሌላ ነው፤ «ማሽኑ ቢጨረስ ኖሮ ምን ይሆን ነበር?» የሚለውን ጥያቄ በምናብ መመለስ አያስፈልገንም። ማሽኑ ተጨርሷልና።

ጌኦርግ ሾይትዝ የስቶክሆልም አሳታሚና ጋዜጠኛ ነበር። በ1834 ስለ ባቤጅ ማሽን የተጻፈ ሰፊ ጽሑፍ በአንድ የኤደንብራ መጽሔት ላይ አነበበና ልቡ ተነሳሳ። ከልጁ ከኤድቫርድ ጋር ሆኖ በ1843 ሞዴሉን አደረሰ፤ በስዊድን መንግሥት ድጎማ ደግሞ በ1853 ሙሉውን ማሽን ጨረሰ። የባቤጅ የሃያ ዓመት ሕልም በአባትና ልጅ እጅ፣ ከባቤጅ ወጪ በእጅጉ ባነሰ ገንዘብ፣ እንደ ለንደኑ በረቀቀ የብረት ሥራ ሳይመካ እውን ሆነ። በ1855 ለፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ቀርቦ የወርቅ ሜዳልያ ተሸለመ። ባቤጅ አልቀናም፤ ይህ ለስሙ ይጻፍለት፣ ሾይትዞችን በአደባባይ አመስግኖ ደግፏቸዋል። በ1857 ማሽኑን በኒውዮርክ ግዛት አልባኒ ከተማ የሚገኘው ዳድሊ የከዋክብት መመልከቻ ገዛው። ሁለተኛው ለንደን ውስጥ በብራያን ዶንኪን ፋብሪካ ተሠርቶ በ1859 ለእንግሊዝ የልደትና ሞት መዝገብ ቤት ተሰጠ፤ የመዝገብ ቤቱ ባለሙያ ዊልያም ፋር በ1864 ላሳተመው የዕድሜ ሰንጠረዥ ሠራበት።

እንግዲህ ማሽኑ አለ፤ ይሸጣል፤ ይሸለማል፤ የቪክቶሪያ መንግሥት እጅ ገብቷል። የኮምፒውተር ዘመን የታለ? አልባኒ የገባው ማሽን እዚህ ግባ የሚባል ሥራ አልሠራም። የለንደኑ ከአጠገቡ የማይለይ ተቆጣጣሪ ይፈልግ ነበር፤ ከፋር መጽሐፍ ውስጥም በማሽኑ የተሠራው ከፊሉ ብቻ ነው። ሦስተኛ ማሽን ያዘዘ ሰው አልመጣም። ሾይትዞችም ከሜዳልያው በቀር ጥሪት አላፈሩበትም። ሌላው ስዊድናዊ ማርቲን ዊበርግ ደግሞ የራሱን ትንሽ ማሽን ሠርቶ በ1875 የሎጋሪዝም ሰንጠረዥ አሳተመበት፤ ዓለም ከመቀመጫዋ አልተነሳችም። ባቤጅ ተጨቁኖ ነው እንበል። ሾይትዝን ማን ጨቆነው? ዊበርግንስ?

እዚህ ላይ ብልህ ተከራካሪ ይነሳና «አንተው ራስህ ሁለቱን ማሽኖች አትደባልቁ ብለህ ነበር፤ ሾይትዝ የሠራው መደመር ብቻ የሚያውቀውን ነው፤ አናሊቲካል ኢንጂን ቢሠራ ግን ነገሩ ሌላ ነበር» ይለኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ለሱም ታሪክ መልስ አላት።

ሃዋርድ ኤይከን የተባለ የሃርቫርድ ተመራማሪ በ1937 በትዕዛዝ የሚመራ ትልቅ የስሌት ማሽን እንዲሠራ ሐሳብ አቀረበ። አይቢኤም ገንዘቡንም መሐንዲሶቹንም ሰጠው። በ1944 የተመረቀው ሃርቫርድ ማርክ ዋን የሚባለው ማሽን ርዝመቱ 15 ሜትር ተኩል፣ ክብደቱ አምስት ቶን ያህል ነበር፤ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚዞሩ ዘንጎችና ቁጥር የያዙ ጎማዎች የሞሉበት፣ ትዕዛዙን ከተበሳ ወረቀት የሚያነብ። ኤይከን ባቤጅን ያውቃል፤ የባቤጅ ልጅ ሄንሪ ለሃርቫርድ የሰጠውን የማሽን ቁራጭ እዚያው ጣሪያ ሥር አግኝቶታል፤ ራሱንም የባቤጅ ወራሽ አድርጎ ያይ ነበር። እንግዲህ ለገንዘብ የማይሳሳ ድርጅት፣ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ፋብሪካ፣ የኤሌክትሪክ ኃይል፣ ለባቤጅ ያልተሰጠው ሁሉ ተሰጥቷል። ውጤቱስ? በሰከንድ ሦስት መደመር። አንድ ማባዛት ስድስት ሰከንድ። ማርክ ዋን ከንቱ አልነበረም፤ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ሠርቷል፤ እስከ 1959ም አገልግሏል። ነገር ግን በየካቲት 1946 ፊላደልፊያ ላይ ለሕዝብ የታየው ኤኒያክ የተባለ ኮምፒውተር በሰከንድ 5,000 ጊዜ ይደምር ነበር። ኤኒያክ ውስጥ የሚሽከረከር ብረት የለም፤ 18,000 ያህል ቫልቮች (አየር አልባ የኤሌክትሪክ ቱቦዎች) ናቸው ያሉት። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተር በዘንግ መንገድ ልሥራ ያለ ሰው የለም።

የባቤጅ ማሽንስ ምን ያህል ይፈጥን ነበር? ጣሊያናዊው መሐንዲስ ሜናብሬአ ከባቤጅ አንደበት ሰምቶ በ1842 እንደጻፈው፣ እያንዳንዳቸው 20 አሃዝ ያላቸውን ሁለት ቁጥሮች ለማባዛት ሦስት ደቂቃ። ያውም የሠሪው የራሱ ተስፋ ነው። ለአንድ ስሌት ድንቅ ነው፤ እንዲያውም ማንም ሰው በእጁ አይደርስበትም። አንድ ዘመን ግን በአንድ ስሌት አይለወጥም። ኮምፒውተርን ኮምፒውተር ያደረገው ውስጡ ያለው ሐሳብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማርክ ዋን ይበቃን ነበር። ሐሳቡ ፍጥነት ሲያገኝ ነው ዓለም የተለወጠው፤ ፍጥነቱ ደግሞ የኤሌክትሮን ነው። ባቤጅ በሞተበት ዓመት ኤሌክትሮን ገና አልታወቀም ነበር። የመጀመሪያው ቫልቭ የተሠራው በ1904 ነው። ፒል ካዝናውን ቢከፍት ይህንን በምን ያመጣዋል?

ፈላጊስ ነበረው? ይህ ከፍጥነቱም የሚብስ ጉዳይ ነው፤ ተረቱም አንዴ እንኳ አይነካውም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቁጥር ያስጨነቀው ሰው ነበር፣ እጅግ ብዙ። ባንኩ፣ መድን ሰጪው፣ የባቡር ድርጅቱ፣ የሕዝብ ቆጠራው። ግን ማንኛቸውም 20 አሃዝ ማባዛት አልፈለጉም። የፈለጉት ሺህ ጊዜ ሺህ ትንንሽ ድምር ነው፤ መለየት፣ መቁጠር፣ መመዝገብ። ለዚያ መልስ የሰጡት ሌሎች ናቸው። ፈረንሳዊው ቶማ ደ ኮልማር ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ የሒሳብ ማሽን በ1820 በፓተንት አስመዝግቦ ከ1851 ጀምሮ ለገበያ አቀረበ፤ መድን ድርጅቶች ገዙት፤ ሌሎችም አስመስለው ሠሩት። አሜሪካ ውስጥ የ1880ው ሕዝብ ቆጠራ ውጤቱ ተጠናቅሮ እስኪወጣ የአስር ዓመቱን አብዛኛውን ክፍል ስለበላ፣ ሄርማን ሆለሪዝ በተበሳ ካርድ የሚቆጥር መሣሪያ ሠርቶ ለ1890ው ቆጠራ አደረሰ። የሆለሪዝ ኩባንያ በ1911 ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ፣ በ1924 አይቢኤም ተባለ። ልብ በሉ፤ የባቤጅ ወራሽ ነኝ ያለው ኤይከን ማሽኑን የሠራው በማን ገንዘብ ነው? ካርድ ሲቆጥር በኖረው በሆለሪዝ መሥመር ገንዘብ። የባቤጅ ሕልም ሳይቀር የተከፈለለት በቢሮ ጸሐፊዎች ችግር ነው።

ስለ ተጽዕኖም ሲነሳ ብዙ የሚያከራክር ነገር አላይም። ኮንራድ ዙሰ በ1941 በርሊን ውስጥ ዜድ ስሪ የተባለውን ማሽኑን ሲያስነሳ ከባቤጅ የተማረው ነገር አልነበረም። የሒሳብ ሊቁ የአላን ቱሪንግ የ1936 ጽሑፍ የተነሳው ከሒሳብ መሠረተ ሐሳብ ክርክር እንጂ ከባቤጅ ንድፍ አይደለም። ባቤጅን አውቆ የሠራው ኤይከን ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ የእሱም ማሽን መጀመሪያ ሲመረቅ ውጤት አይቶ መንገድ የመለወጥ ችሎታ አልነበረውም። ከባቤጅ ሐሳቦች ሁሉ ትልቁ እሱ ነበር፤ ወራሹ ዘንድ ያልደረሰውም እሱው ነው። በሐሳቡ ያልተወለደ ዘመን፣ ሐሳቡ በመቋረጡ እንዴት ይዘገያል?

ለምን ታዲያ ተረቱ ይጣፍጣል? ሊቅ አለበት፣ ደንቆሮ መንግሥት አለበት፣ የሚያስቆጭ መጨረሻ አለው። ፕሮጀክቱ የከሸፈበት ሰው ሁሉ በባቤጅ ይጽናናል። ችግሩ ተረቱ እውነተኛውን ባቤጅ መሰወሩ ነው። ባቤጅ ማሽኑን ለማሠራት ሲል ዓመታት ሙሉ በእንግሊዝና በአውሮፓ ፋብሪካዎች ተዘዋወረ፤ ያየውን በ1832 ስለ ማሽንና ፋብሪካ ኢኮኖሚ በጻፈው መጽሐፍ አወጣ። ካርል ማርክስ «ካፒታል» ውስጥ ይጠቅሰዋል። ክሌመንት ወርክሾፕ ውስጥ ከሠሩት ወጣቶች አንዱ ደግሞ ጆሴፍ ዊትዎርዝ ነው። እያንዳንዱ ፋብሪካ በፈቀደው ልክ የብሎን ጥርስ በሚያወጣበት ዘመን፣ ዊትዎርዝ በ1841 አንድ ወጥ መለኪያ አቀረበ፤ የእንግሊዝ ኢንዱስትሪም ተቀበለው። ከአንድ መንደር የተገዛ ብሎን ሌላ መንደር ከተገዛ ዳዶ ጋር መግጠም የጀመረው እንዲህ ባሉ ሰዎች ነው። ሃያ ሁለቱ ሎኮሞቲቭ የገቡበትን ጉድጓድ የሚፈልግ ካለ አንዱ ይኸው፤ ገንዘቡ እጅ የሚሠለጥንበት ወርክሾፕ አቁሟል። ይህን ግን «የኮምፒውተር አባት» በሚለው ምዕራፍ ውስጥ ማንም አይጽፈውም።

«ቢሆን ኖሮ» ካልቀረልን ደግሞ እስከ ጫፉ እንሂድበት። በ1833 ባቤጅና ክሌመንት ታረቁ እንበል። ወርክሾፑ አልተዘጋም፤ ገንዘቡ አልተቋረጠም፤ ማሽኑ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተጠናቆ አንድ የመንግሥት ሕንፃ ውስጥ ተተከለ። የሎጋሪዝም ሰንጠረዥ ያትማል። የሾይትዝ ማሽን ያገኘውን ያህል ክብር፣ የሾይትዝ ማሽን የሠራውን ያህል ሥራ። ባቤጅስ? በእውነተኛው ታሪክ ክሌመንት ስዕሎቹንና ክፍሎቹን ያስረከበው በ1834 ነው፤ ባቤጅ ማሽኑን ከሥሩ እንደ አዲስ ማሰብ የጀመረው ሥራው ቆሞ፣ ስዕሎቹ ከእጁ ርቀው በነበሩበት በዚያው ወቅት ነው፤ አናሊቲካል ኢንጂንም የተፀነሰው ያኔ ነው። በታረቁበት ታሪክ ውስጥ ግን ባቤጅ ወርክሾፕ ለወርክሾፕ እየተመላለሰ ማርሽ ይለካል፤ የማተሚያውን ሥራ ይከታተላል፤ ለግምጃ ቤት ደረሰኝ ያቀርባል። አዳ ላቭሌስ የምታብራራው ነገር የለም፤ ሜናብሬአም የሚጽፈው። የምናለቅስለት ማሽን በመቋረጡ የተወለደ ነው፤ ባይቋረጥ ኖሮ ከናካቴው አይታሰብም ነበር።